ምድርን የከበዳት ብዛታችን ነው ወይስ ፍጆታችን?

በ1944 የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች 29 ሬንዲሮችን ወስደው ሴንት ማቲው በምትባል ደሴት ላይ ለቀቁ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሬንዲር የአጋዘን ወገን የሆነ የቀዝቃዛ አገር እንስሳ ነው። ደሴቲቱም በአላስካና በሩሲያ መካከል ባለው የቤሪንግ ባሕር ላይ ለብቻዋ የተቀመጠች፣ ነዋሪ የሌላት ምድር ናት። ዘመኑ የጦርነት ስለነበር፣ እዚያ የተመደቡት ጥቂት ወታደሮች ስንቅ ቢቋረጥባቸው አርደው የሚበሉት እንዳያጡ ታስቦ ነው። ጦርነቱ አበቃ፤ ወታደሮቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ ሬንዲሮቹ እዚያው ቀሩ።

ለእንስሳቱ ከዚያ የተሻለ ቦታ አይገኝም ነበር። የሚያሳድዳቸው ተኩላ የለም። መሬቱ ላይከን በሚባል፣ ከአፈርና ከድንጋይ ላይ ተጣብቆ በጣም በዝግታ በሚያድግ ምግባቸው ተሸፍኗል። በ1957 ሲቆጠሩ 1,350 ሆነው ተገኙ፤ በ1963 ወደ 6,000 ደረሱ። ከዚያ ከባድ የበረዶ ወቅት መጣ፤ ላይከኑ ግን አስቀድሞ ተግጦ አልቆ ነበር። ተመራማሪዎች በ1966 ሲመለሱ ደሴቲቱ አጥንት በአጥንት ሆና ጠበቀቻቸው። በሕይወት የቀሩት 42 ብቻ ነበሩ። ከእነዚህም ውስጥ ወንዱ አንድ ሲሆን፣ እሱም ለመራባት የሚበቃ አልነበረም።

የሕዝብ ብዛት በተነሳ ቁጥር ይህ ታሪክ ይጠቀሳል። ምድር ደሴታችን ናት፣ እኛም ሬንዲሮቹ ነን፣ መጨረሻችንም የእነሱ ነው ይባላል። እኔም በዚህ ንጽጽር ለብዙ ጊዜ ሳምን ኖሬአለሁ። አሁን ግን ግማሹ እውነት፣ ግማሹ አሳሳች ሆኖ ይታየኛል። እውነቱ፣ ደሴቲቱ ዳርቻ እንዳላት ሁሉ ምድርም ዳርቻ ያላት መሆኑ ነው። አሳሳቹ የሆድ ነገር ነው። ሬንዲር ሁሉ ሆዱ እኩል ነው፤ አንዱ ከሌላው ሠላሳ እጥፍ አይበላም፤ ከጠገበ በኋላም ጎረቤቱ ያለውን አይቶ አይመኝም። የሰው ፍላጎት በሆዱ ልክ አልተሰፋም። ስለዚህ የእኛን ጉዳይ ለመረዳት ሁለት ቆጠራ ያስፈልጋል፤ ስንት ነን የሚለውና እያንዳንዳችን ምን ያህል እንወስዳለን የሚለው። የመጀመሪያው በየመድረኩ ይወራል። ሁለተኛው ሲነሳ ድምፃችን ዝቅ ይላል።

ቢሊዮኖቹ ከየት መጡ?

የሰው ልጅ 1 ቢሊዮን የሞላው በ1804 ገደማ ነው፤ እዚያ ለመድረስ ከአዳም ጀምሮ ያለው ዘመን ሁሉ ፈጅቶበታል። ሁለተኛው ቢሊዮን ለመሙላት 123 ዓመት ወስዶ በ1927 ሞላ። ሦስተኛው በ1960፣ አራተኛው በ1974፣ አምስተኛው በ1987፣ ስድስተኛው በ1999፣ ሰባተኛው በ2011 መጡ። ስምንተኛው ቢሊዮን በኖቬምበር 2022 መሙላቱን የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት አስታወቀ። የመጨረሻው ቢሊዮን የመጣው አንድ ልጅ ተወልዶ አምስተኛ ክፍል እስኪደርስ በሚፈጀው ጊዜ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ቁጥሩ እንዲህ የተወነጨፈው ሰዎች ከአያቶቻቸው ይልቅ ብዙ መውለድ ስለጀመሩ አይደለም። አያቶቻቸውም አምስት ስድስት ይወልዱ ነበር፤ ነገር ግን ከሚወለዱት ግማሽ ያህሉ ለአቅመ አዳምና ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ ይቀበሩ ነበር። ንጹሕ ውሃ፣ ሳሙና፣ ክትባትና ፔኒሲሊን ሲመጡ ሞት ቀነሰ፤ ውልደት ግን ወዲያው ተከትሎት አልወረደም። ቢሊዮኖቹ የመጡት በእነዚህ በሁለቱ መካከል በተከፈተው ክፍተት በኩል ነው። የሕዝብ ብዛት ማለት በአብዛኛው ያልሞቱ ሕፃናት ማለት ነው። ይህን ዘንግቶ ስለ «ትርፍ ሕዝብ» የሚናገር ሰው፣ ትርፉ የማን ልጅ እንደሆነ አብሮ ሊነግረን ይገባል።

ዕድገት በመቶኛ ሲነገር ትንሽ ይመስላል። በዓመት 2 በመቶ የሚያድግ ሕዝብ ግን በ35 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል፤ 1 በመቶ የሚያድገው ደግሞ በ70 ዓመት። (70ን ለመቶኛው ማካፈል ብቻ ነው፤ ለባንክ ወለድም ይሠራል።) በ1960ዎቹ የዓለም ሕዝብ በዓመት ከ2 በመቶ በላይ ያድግ ነበር፤ በዚያ ዘመን የነበሩ ምሁራን ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ዛሬ ዕድገቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። ያኔ አንዲት ሴት በዕድሜዋ በአማካይ 5 ልጆች ትወልድ ነበር፤ አሁን አማካዩ ከ2.3 አይበልጥም። ሕዝብ ሳይጨምር ሳይቀንስ ራሱን እንዲተካ የሚያስፈልገው 2.1 ገደማ ሲሆን፣ ከዓለም አገሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዚያ በታች ወርደዋል። ደቡብ ኮሪያ በ2023 ያስመዘገበችው 0.72 ነው። የቻይና ሕዝብ ከ2022 ጀምሮ መቀነስ ጀምሯል።

ታዲያ ቁጥሩ አሁንም የሚጨምረው ለምንድን ነው? ፍሬን የተያዘ ከባድ መኪና ወዲያው ስለማይቆም ነው። ትናንት ብዙ በተወለደበት ጊዜ የመጡት ልጆች ዛሬ እናቶችና አባቶች ሆነዋል። እያንዳንዳቸው ሁለት ብቻ ቢወልዱ እንኳ ወላጆቹ ራሳቸው ብዙ ስለሆኑ ድምሩ ይጨምራል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በ2024 ባወጣው ትንበያ መሠረት የዓለም ሕዝብ በ2080ዎቹ አጋማሽ 10.3 ቢሊዮን ገደማ ደርሶ ከዚያ በዝግታ መውረድ ይጀምራል።

ማልተስ ያላየው

በ1798 ቶማስ ማልተስ የተባለ እንግሊዛዊ ቄስ፣ ሕዝብ በማባዛት፣ ምግብ ግን በመደመር ስለሚያድግ ረኃብ አይቀሬ ነው ሲል ጻፈ። 2፣ 4፣ 8፣ 16 እያለ የሚሄድ ነገር፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 እያለ የሚሄደውን ጥሎት እንደሚያልፍ ማንም ያየዋል። ስሌቱ ስሕተት የለበትም። የሳተው ምግብ በመደመር ብቻ ያድጋል ያለው ላይ ነው።

የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ሰብልም ያለ ናይትሮጂን አያድግም። ችግሩ የሰብል ሥር ናይትሮጂንን በቀጥታ ከአየር ላይ መውሰድ አለመቻሉ ነው፤ እንደ ውሃ መሐል ቆሞ እንደ መጠማት። በ1909 ጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪትዝ ሃበር የአየርን ናይትሮጂን በከፍተኛ ግፊትና ሙቀት ከሃይድሮጂን ጋር አዋሕዶ አሞኒያ ሠራ። ካርል ቦሽ ዘዴውን ለፋብሪካ አበቃው፤ በ1913 በብዛት ማምረት ተጀመረ። ያለዚህ ማዳበሪያ ዛሬ ካለው የዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉን መመገብ እንደማይቻል ይገመታል። ከዚያም ኖርማን ቦርሎግ በሜክሲኮ አገዳው አጭር የሆነና ዛላው ሲከብደው የማይጋሽብ ስንዴ አዳቀለ፤ በ1970 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሰጠው።

ማልተስን የተከተሉትም ስተዋል። ፖል ኤርሊክ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ሕይወት ምሁር በ1968፣ በመጪዎቹ ዓመታት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች በረኃብ ያልቃሉ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር፤ እንዳለው አልሆነም። በ1980 ደግሞ ከኢኮኖሚ ምሁሩ ከጁሊያን ሳይመን ጋር ተወራረደ። አምስት ማዕድናት ተመረጡ፤ መዳብ፣ ክሮሚየም፣ ኒኬል፣ ቆርቆሮና ተንግስተን። ሀብት እየተመናመነ ከሄደ ዋጋቸው በአሥር ዓመት ውስጥ መውጣት አለበት። በ1990 የዋጋ ንረቱ ታስቦ ሲሰላ አምስቱም ወርደው ተገኙ፤ ኤርሊክ የ576 ዶላር ከ7 ሳንቲም ቼክ ጽፎ ላከ። ይህ ውርርድ እንደ ማስረጃ ሲቀርብ ግን እጠነቀቃለሁ፤ ሌላ አሥር ዓመት ተመርጦ ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችል ነበር።

ከዚህ ተነስተው ሰው መላ አያጣም፣ ሥጋት አይግባን የሚሉ አሉ። እኔ ይህን ድል ብድር ነው የምለው። አሞኒያ የሚሠራበት ሃይድሮጂን በአብዛኛው የሚገኘው ከተፈጥሮ ጋዝ ነው። ሰብሉ ያልተጠቀመበት ማዳበሪያ በዝናብ ታጥቦ ወንዝ ይገባል፤ በሚሲሲፒ ወንዝ በኩል የሚወርደው በየበጋው በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ኦክስጅን ያጣና ዓሣ የማይኖርበት ሰፊ ውሃ ይፈጥራል። ቦርሎግ ራሱ ሽልማቱን ሲቀበል ሥራው ለሰው ልጅ የሰጠው የመተንፈሻ ጊዜ መሆኑን ተናግሯል።

ቁጥር ሲባዛ በፍጆታ

በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤርሊክና የፊዚክስ ምሁሩ ጆን ሆልድረን ነገሩን በአንድ ቀላል ብዜት አስቀመጡት። በተፈጥሮ ላይ የሚደርሰው ጫና የሕዝብ ቁጥር፣ ሲባዛ እያንዳንዱ ሰው በሚጠቀመው መጠን፣ ሲባዛ ያንን ለማምረት የምንጠቀምበት ዘዴ በሚያደርሰው ጉዳት ነው። ብዜት መሆኑ ትልቅ ትርጉም አለው። አንዱ ቁጥር ቢቆም እንኳ ሌላው ካደገ ውጤቱ ያድጋል።

እንፈትነው። ከ1970 እስከ ዛሬ የዓለም ሕዝብ በእጥፍ ከፍ ብሏል፤ ከ3.7 ቢሊዮን ወደ 8 ቢሊዮን። በዚያው ጊዜ ከምድር ቆፍረን፣ አጭደንና ቆርጠን የምንወስደው ነገር ሁሉ፣ ማለትም ማዕድን፣ ነዳጅ፣ አሸዋ፣ እህልና እንጨት ተደምሮ፣ በዓመት ከ30 ቢሊዮን ቶን ወደ 100 ቢሊዮን ቶን ተሻግሯል። ሕዝቡ እጥፍ ሲሆን ጭነቱ ከሦስት እጥፍ በለጠ። ለአንድ ሰው ሲካፈል ከ8 ቶን ወደ 13 ቶን ገደማ ማለት ነው። ይህም አማካይ ነው፤ አማካይ ደግሞ ብዙ ነገር ይሸፍናል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ጥበቃ ፕሮግራም እንደሚለው፣ በሀብታም አገሮች የሚኖር አንድ ሰው በድሃ አገሮች ከሚኖረው ስድስት እጥፍ ይጠቀማል።

በካርቦን ልቀት ልዩነቱ ይሰፋል። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት ለ14 ቶን ገደማ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት ምክንያት ሲሆን፣ አንድ ሕንዳዊ ደግሞ ለ2 ቶን ገደማ ነው። ስለዚህ ለከባቢ አየር አንድ አሜሪካዊ ልጅ ሰባት ሕንዳውያን ልጆች ማለት ነው። ድንበሩን ትተን የዓለምን ሰው በገቢ ብንደረድረው፣ ከላይ ያለው አሥር በመቶ ግማሽ ያህሉን ልቀት ሲያመነጭ፣ ከታች ያለው ግማሽ ሕዝብ ድርሻ አንድ አሥረኛ ገደማ ብቻ ነው።

አራት ልጆች ወልዳ፣ በእንጨት እያበሰለች፣ መኪና ሳትይዝ፣ አውሮፕላን ሳትሳፈር የምትኖርን እናት ምድርን ያሞቀች እሷ ናት ብሎ መክሰስ በሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን በሒሳብም ስሕተት ነው። ይህን ክስ የሰነዘሩ ሰዎች ስብሰባው ላይ የደረሱት በአውሮፕላን መሆኑን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

ይህ ማለት ግን ቁጥር ምንም አይደለም ማለት አይደለም። የካርቦን ጉዳይ ዓለም አቀፍ ነው፤ የጉድጓድ ውሃ፣ የግጦሽ መሬትና የእርሻ ማሳ ግን የየአካባቢው ናቸው። አንድ ምንጭ የሚቀዱት ቤተሰቦች ሁለት እጥፍ ከሆኑ ድርሻው በግማሽ ይቀንሳል፤ ለዚያ የሀብታሞች ፍጆታ መልስ አይሆንም። ከዚህ በላይ ከባድ ቋጠሮም አለ። ዛሬ ጥቂት የሚጠቀመው ድሃ ነገ ማቀዝቀዣ፣ የሲሚንቶ ቤትና መኪና ማግኘት ይፈልጋል፤ ሙሉ መብቱም ነው። ብዜቱ ከዚህ በኋላ በዋናነት የሚያድገው በዚህ በኩል ይሆናል።

የአንድ ከናቴራ ጉዞ

ፍጆታ የሚለው ቃል ረቂቅ ስለሆነ አንድ የጥጥ ከናቴራ በእጃችን እንያዝ። ሁለት መቶ ግራም እንኳ አይሞላም። ገልብጠን ስፌቱን ብናየው ክሩ ተገምዶ፣ ጨርቅ ሆኖ፣ ነጥቶ፣ ቀለም ገብቶ የመጣ ነው። በየደረጃው ውሃ ጠጥቷል፤ ከሁሉ በላይ የጠጣው ግን ማሳው ላይ ነው። ጥጡን ከማብቀል እስከ ማቅለም 2,700 ሊትር ገደማ እንደሚያስፈልግ ይሰላል። አንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ቢጠጣ ይህ የሁለት ዓመት ተኩል መጠጥ ነው።

ውሃው በዝናብ የሚመጣ ከሆነ ችግሩ ቀላል ነው። ጥጥ ግን ፀሐይ ስለሚወድ ብዙ ጊዜ የሚዘራው ደረቅ አገር ላይ በመስኖ ነው። በማዕከላዊ እስያ የሆነው ይህ ነው። የአራል ባሕር በስፋቱ በዓለም አራተኛው ሐይቅ ነበር፤ አሙ ዳርያና ሲር ዳርያ የሚባሉ ሁለት ወንዞች ይመግቡታል። በ1960ዎቹ የሶቪየት ኅብረት መንግሥት በረሃውን የጥጥ ማሳ ለማድረግ ወንዞቹን በቦይ ጠለፋቸው። ቦዮቹ አብዛኞቹ ወለላቸው ያልተለሰነ ስለነበር ከውሃው ብዙው ማሳ ሳይደርስ ወደ አሸዋ ሰረገ፣ በፀሐይም ተነነ። ዕቅዱን ያወጡት ሰዎች ባሕሩ እንደሚሸሽ ያውቁ ነበር፤ ጥጡ ይበልጣል ብለው ነው የወሰኑት።

ሞይናቅ የዚያ ባሕር የዓሣ ወደብ ነበረች፤ ዓሣ የሚያሽግ ፋብሪካም ነበራት። ባሕሩ መሸሽ ሲጀምር ሰዎቹ መርከቦቻቸው እንዳይቀሩ ቦይ እየቆፈሩ ተከተሉት። ከዚያ ሊደርሱበት አልቻሉም። ዛሬ መርከቦቹ አሸዋ ላይ ዝገው ቆመዋል፤ ውሃው ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቋል። ከደረቀው ወለል የሚነሳው አቧራ ጨውና ለጥጡ ይረጭ የነበረውን የተባይ መርዝ ተሸክሞ መንደሮች ላይ ይወርዳል። በ2007 ባሕሩ ከቀድሞ ስፋቱ የቀረው አንድ አሥረኛ ገደማ ነበር።

ይህ ሁሉ የሆነው ሰው ልብስ አጥቶ ስለታረዘ ነው እንበል። ከ2000 እስከ 2015 ባለው ጊዜ የዓለም ሕዝብ በአንድ አምስተኛ ያህል አደገ። በዚያው ጊዜ የሚመረተው ልብስ ግን እጥፍ ገደማ ሆነ፤ አንድ ልብስ ከመጣሉ በፊት የሚለበስባቸው ጊዜያት ብዛት ደግሞ ከሲሶ በላይ ቀነሰ። በእነዚህ ዓመታት የመጣውን ጭማሪ ለሕዝብ ብዛት ማሸከም አይቻልም። በቺሊ አታካማ በረሃ፣ አልቶ ሆስፒሲዮ በምትባል ከተማ አቅራቢያ፣ ከሀብታም አገሮች የመጡና ገዢ ያጡ ልብሶች ክምር ኮረብታ ሠርቷል። አንዳንዶቹ የዋጋ ወረቀታቸው እንኳ አልተነሳም።

ዋናውን መብላት

የተፈጥሮ ሀብት ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ራሱን የሚተካ ነው፤ ደን፣ ዓሣ፣ የወንዝ ውሃ። ሌላው አንዴ ከወጣ የማይመለስ ነው፤ ነዳጅ፣ ማዕድን። ብዙ ሰው የመጀመሪያው አያልቅም ብሎ ያስባል። ባንክ እንዳስቀመጡት ገንዘብ ነው፤ ወለዱን ብቻ የሚበላ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ይበላል፤ ዋናውን መንካት ከጀመረ ግን ወለዱም አብሮ ያንሳል።

በካናዳ ኒውፋውንድላንድ አቅራቢያ ባለው ባሕር ኮድ የተባለ ዓሣ ለአምስት መቶ ዓመት ያህል ሲሰገር ኖሯል። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ዓሣውን በድምፅ ሞገድ የሚያገኙና እዚያው የሚያቀዘቅዙ ግዙፍ መርከቦች መጡ። በ1968 የተያዘው 800,000 ቶን ገደማ ነበር፤ ከዚያ በፊት ታይቶ አይታወቅም። ያ ከፍታ ግን የወለዱ ሳይሆን የዋናው ነበር። በ1992 የካናዳ መንግሥት ማስገሩን ዘጋው፤ 30,000 ያህል ሰዎች ባንድ ጊዜ ሥራ አጡ። ዓሣው ግን ሰው እጁን ስላነሳ ወዲያው አልተመለሰም፤ ሦስት አስርት ዓመታት አልፈው እንኳ የቀድሞው ብዛት ሕልም ነው።

አሸዋ ደግሞ ማንም ያልቃል ብሎ የማይጠረጥረው ነገር ነው። በዓመት 50 ቢሊዮን ቶን ያህል አሸዋና ጠጠር እንጠቀማለን፤ ከውሃ ቀጥሎ በብዛት የምንጠቀመው እሱን ነው። ሕንፃ፣ መንገድ፣ የመስኮት መስታወት ሁሉ አሸዋ ነው። በረሃው ሁሉ አሸዋ አይደለም ወይ ትሉ ይሆናል። የበረሃ አሸዋ በነፋስ ተፋጭቶ ስለሚለሰልስ ከሲሚንቶ ጋር ጠብቆ አይያያዝም። ለግንባታ የሚሆነው የወንዝና የባሕር ዳር ሻካራ አሸዋ ነው። በቬትናም የሜኮንግ ወንዝ አሸዋው ተዝቆ ከመወሰዱ የተነሳ ዳርቻው እየተናደ ቤቶችን ይዞ ይገባል።

ከምግብ በኩል አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለሰው ልጅ መኖሪያ ከሚመቸው መሬት ግማሽ ያህሉ እርሻና ግጦሽ ነው፤ ከዚያ ውስጥ ሦስት አራተኛው ለከብት መኖና ለግጦሽ ይውላል፤ ከዚያ የሚገኘው ግን ከምንበላው ካሎሪ አንድ አምስተኛ አይሞላም። በ2022 ደግሞ በየቤቱ፣ በየምግብ ቤቱና በየሱቁ የተጣለው ምግብ 1.05 ቢሊዮን ቶን ነበር፤ ስድሳ በመቶው የተጣለው ከቤት ነው። በዚያው ዓመት ከ700 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተርበው ያድሩ ነበር። ይህን ቁጥር ከጻፍኩ በኋላ እጄን ሰብስቤ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ቴክኖሎጂ ያድነናል?

በከፊል። ግን አንድ ወጥመድ አለ። በ1865 ዊልያም ስታንሊ ጄቮንስ የተባለ እንግሊዛዊ የኢኮኖሚ ምሁር አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አስተዋለ። የጄምስ ዋት የእንፋሎት ሞተር ከቀደሙት በጣም ያነሰ የድንጋይ ከሰል ይበላል። ሰዉ ከሰል ይቆጠባል ብሎ ጠበቀ፤ የእንግሊዝ የከሰል ፍጆታ ግን ጨመረ። ሞተሩ ቆጣቢ ሲሆን ርካሽ ሆነ፤ ርካሽ ሲሆን ቀድሞ ያልነበረበት ቦታ ሁሉ ገባ። ዛሬም ነዳጅ የሚቆጥብ መኪና ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሆነው መኪናው መተለቅ ወይም ሩቅ መነዳት ነው። ቁጠባው ራሱ ለአዲስ ፍጆታ በር ይከፍታል። ስለዚህ የተሻለ መሣሪያ ገደብ ካልተበጀለት ብቻውን ጫናውን አያወርድም።

ሌላው ነገር፣ ፍላጎት ሁልጊዜ ከሰው ልብ ብቻ አይመነጭም፤ ይመረታል። በ1924 የዓለም ታላላቅ የአምፖል አምራቾች ጄኔቭ ላይ ተስማምተው የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ወሰኑት። ከዚያ በፊት 1,500 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያበሩ ነበሩ። ከተወሰነው በላይ የሚያበራ አምፖል ያመረተ ፋብሪካ ይቀጣ ነበር። መሐንዲሶቹ ለዓመታት የደከሙት አምፖሉ ቶሎ እንዲቃጠል ለማድረግ ነው። ባትሪው የማይወጣ ስልክ፣ መለዋወጫ የሌለው የቤት ዕቃ ስናይ ያው ሐሳብ በሌላ መልክ ነው። በ2022 ዓለም የጣለችው የኤሌክትሮኒክስ ቁርጥራጭ 62 ሚሊዮን ቶን ሲሆን፣ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው ከሩብ በታች ነው።

ምን ሠርቷል?

በቁጥሩ በኩል የሚሠራው ነገር ይታወቃል። እናት ልጆቿ በሕይወት እንደሚቆዩ ስታምን፣ ሴት ልጅ ትምህርት ቤት ስትቆይ፣ የእርግዝና መከላከያ በአቅራቢያዋ ስታገኝ፣ የምትወልደውን ቁጥር ራሷ ትቀንሳለች። በባንግላዴሽ በ1970ዎቹ መጀመሪያ አንዲት ሴት ወደ ሰባት ልጆች ትወልድ ነበር፤ ዛሬ ሁለት ገደማ ነው። ኢራን ከስድስት በላይ የነበረውን በሃያ ዓመት ውስጥ ወደ ሁለት አወረደች። ሁለቱም ያደረጉት ሴቶችን በየቤታቸው ያገኙ የጤና ሠራተኞችን በማሰማራት ነው።

በግድ የተሞከረውም ይታወቃል። ሕንድ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር በነበረችበት በ1976 በአንድ ዓመት ውስጥ ከስድስት ሚሊዮን በላይ ወንዶች እንዲመክኑ ተደረገ፤ ብዙዎቹ ድሆች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ተገደው ወይም ተታለው። ቻይና ለሠላሳ አምስት ዓመታት ያህል በአንድ ልጅ ወሰነች፤ ዛሬ ደግሞ ዜጎቿ እንዲወልዱ ትለምናለች። ታይላንድና ደቡብ ኮሪያ ያለዚህ ሁሉ ግፍ ያው ቦታ ደርሰዋል።

በፍጆታው በኩል መንገዱ ይህን ያህል አልተጠረገም፤ ግን ጨለማ አይደለም። በ1985 ሳይንቲስቶች ከፀሐይ ጎጂ ጨረር የሚከላከለን የኦዞን ሽፋን በአንታርክቲካ ላይ መሳሳቱን ይፋ አደረጉ። ምክንያቱ ለማቀዝቀዣና ለሽቶ መርጫ የሚውሉ ጋዞች ነበሩ። በ1987 ሞንትሪያል ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ በኋላ የዓለም አገሮች ሁሉ ገቡበት፤ ጋዞቹን መጠቀም በ99 በመቶ ያህል ቀነሰ፤ ሽፋኑም እያገገመ ነው። ማቀዝቀዣ የተወ ሰው የለም። ገደቡ ሲበጅ አምራቾቹ ሌላ ጋዝ ፈለጉ። በ2020 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ፣ በ2050 ለሚኖረው የዓለም ሕዝብ ሁሉ ጥሩ መጠለያ፣ በቂ ምግብ፣ ሕክምና፣ ትምህርት፣ መጓጓዣና ስልክ ለማዳረስ በ1960ዎቹ ዓለም ይጠቀምበት የነበረው ያህል ኃይል ሊበቃ እንደሚችል አስልቷል። ቅድመ ሁኔታው ምርጡ መሣሪያ ለሁሉ መድረሱና ትርፍ ፍጆታ በእጅጉ መቀነሱ ነው። ለሁሉ የሚበቃ አለ ማለት ነው፤ ጭቅጭቁ ከሚበቃው በላይ ባለው ትርፍ ላይ ነው።

ወደ አራል ባሕር ልመለስ። በሰሜን በኩል፣ በካዛክስታን ክፍል፣ የቀረችው ትንሽ ውሃ ወደ ደቡብ እየፈሰሰች ትጠፋ ነበር። በ2005 በዓለም ባንክ ብድር 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ግድብ ተሠራ። የሲር ዳርያ ውሃ በዚያ በኩል መጠራቀም ጀመረ፤ ይሞላል ከተባለበት ጊዜ ቀድሞም ሞላ። ጨውነቱ ሲቀንስ በወንዙ ውስጥ ተጠግተው የኖሩት ዓሦች ወደ ባሕሩ ተመለሱ። ከእነሱም ጋር ጀልባቸውን ጥለው የሄዱ ዓሣ አስጋሪዎች መጡ። በደቡብ በኩል፣ በሞይናቅ፣ ባሕሩ አልተመለሰም። እዚያ ሰዎች ጨውና አቧራውን እንዲይዝላቸው በደረቀው ወለል ላይ ሳክሳውል የሚባል ቁጥቋጦ ረድፍ በረድፍ እየተከሉ ነው።